ግማሽና ሲሶ

ሲወስዱኝ እያስተማርኩ ነበር። ጅማ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የጫማዬን ማሰሪያ ፈቱ፣ ከጋዋኔ ኪስም ጠመኔዬን ወሰዱ። ጠመኔ ምን ያደርግላቸዋል? ክፍሏ በሽንትና በእርጥብ ብርድ ልብስ ታፍናለች። እስረኞቹ ሴቶች ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ።

ከጎኔ ያሉት የአጋሮ ሴት ነበሩ። «አደ» እንላቸዋለን፤ ታላቅ ሴት በእኛ አገር እንዲህ ነው የምትጠራው። የተፈለገው ወንድ ልጃቸው ነበር፤ እሱን ቢያጡት እሳቸውን አመጡ። አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ክንዴን ያዙኝ።

«ቲቸር፣ ትንሿ ልጄ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት፤ ሂሳብ አይሆንላትም። ለእኔ ንገሪኝ፣ ቅዳሜ ስንቅ ስታመጣ እነግራታለሁ።»

«አደ፣ እርስዎ ተምረዋል?»

«ኧረ ምን ተምሬ! በቃሌ እይዘዋለሁ።»

ጣቴን ውሃ እየነከርኩ ሲሚንቶው ላይ እጽፋለሁ፤ ሳልጨርስ ይደርቃል። ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው ስላቸው ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምረው «ሁለት አምስተኛ» አሉኝ።

«ግማሽ ላይ ጨምረው እንዴት ከግማሽ ያንሳል?» ብዬ ዳቦ ቆርሼ አሳየኋቸው።

«ያ ረቢ! ስደምር ከሰርኩ!» ብለው ሳቁ። እዚያ ቤት ሳቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ቅዳሜ ሌላው እስረኛ ከጠያቂው ጋር ስለ ቀጠሮና ስለ ጠበቃ ያወራል፤ አደ ከሽቦው ወዲህ ቆመው ይጮሃሉ። «መጀመሪያ ታችኛውን አንድ አድርጊ! ግማሽና ሲሶ ስንት መጣ?»

«ቶሌ፣ እሺ እማ፣ ሠርቼ እነግርሻለሁ።»

ኤክስን ጀምረን እንኳ፣ «ሦስቱን ማዶ ስታሻግሪ ቀንሺ!» ብለው ሲያበቁ ያቺኑ ጥያቄ ይደግማሉ። ልጅቷም ያንኑ ትመልሳለች።

አንድ ቅዳሜ ስንቁን የምቀበለው እኔ ሆንኩ። ፖሊሱ እንደ ልማዱ «ቅመሺ» ሲላት እጇን አየሁት። ጣቶቿ ጠቁረዋል፣ ጥፍሯ ሥር የቡና እሸት ልጣጭ ደርቋል። የአንድ ቀን ለቀማ እንዲህ አያደርግም።

«ትምህርትሽስ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«እማ ከታሰረች ጀምሮ ትቻለሁ። ስንቁ ከየት ይመጣል? በአላህ ቲቸር፣ እንዳትነግሪያት።»

ክፍል ገብተን ጣቴን ውሃው ውስጥ ነከርኩ፤ መጻፍ ግን አቃተኝ።

«እጇን አየሽው አይደል?» አሉ አደ። «ለቀማ ላይ ያደግኩ ሴት ነኝ፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ይደክማሉ?»

«መጠየቅ ከተውኩማ ትምህርቷን ማቋረጧን ትነግረኛለች። ከነገረችኝ አበቃ።» ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «በይ የሚቀጥለውን ጻፊልኝ፣ ቲቸር።»

ጻፍኩላቸው።

ብዙም ሳይቆይ አደን ሌሊት አውጥተው ወሰዷቸው። የት እንደሆነ የነገረን የለም። እኔ ስፈታ አጋሮ ሄጄ ልጅቷን ፈለግኳት፤ ቡና ማበጠሪያ ቤት አገኘኋት። እሷም ስለ እናቷ የሰማችው ነገር አልነበረም። ልሄድ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ቲቸር፣ እማን ካገኘሻት አምስት ስድስተኛ ነው በያት።»

ዛሬም አስተምራለሁ፤ ጠመኔም አላጣሁም። መልሱን ግን እስካሁን አላደረስኩላቸውም።