የየሺመቤት ጋሪ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ፣ የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት ሰፈር፣ ሕፃን ይዛ የምትሄድ ሴት በላይነሽን ከሩቅ ካየች መንገድ ትቀይራለች። በላይነሽ የተሸፈነ ልጅ ካየች ሳትገልጥ አታልፍም። ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ እጇን ትሰዳለች፤ ነጠላ ይሁን ፎጣ ወይም የጋሪ መጋረጃ፣ ከፍ አድርጋ የልጁን ፊት እስክታይ ድረስ እረፍት የላትም። አንዳንዷ እናት አክብራ ዝም ትላለች፣ ሌላዋ አፍ አውጥታ ትሳደባለች። ቡዳ ናት ብለው የሚያስወሩባትም አሉ። ጎንደር ውስጥ የት መንደር እንደተወለደች ሳያውቁ አባቷን ቀጥቃጭ አድርገውታል። ሰው ወሬ ሲያጣ የማይፈጥረው ነገር የለም! ይህች ሴት በወጣትነቷ ከረሃብም ከወታደርም በላይ የምትፈራው የሰው ዓይን ነበር። ዛሬ ልጅ የምትገልጠውም በዚያው ፍርሃቷ በደረሰባት ነገር ነው።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በመተማ በኩል ድንበሩን ስትሻገር ገና ወጣት ነበረች። ባሏ አንዳርጌ አብሯት ነበር፤ መሄድ የለመደች ልጃቸው የሺመቤትም ነበረች፤ በሆዷ ደግሞ ሌላ ይዛለች። ዝናቡ ከቀረ ከርሟል፣ በሬዎቹ አልቀዋል፣ ዘሩም ተበልቷል። በባሱንዳ አቅጣጫ ስደተኛ ከሰፈረባቸው መጠለያዎች በአንዱ የሣር ጎጆ ቀለሱና አረፉ። አንዳርጌ ሰንብቶ ለቀን ሥራ ወደ ሀዋታ እርሻ ሄደ። ሲሄድ ልጅቱን ብድግ አድርጎ ሳማትና «የሺን አደራ፤ ስመጣ ቆማ ላግኛት» አላት።

አደራው ከባድ ነበር። የሺመቤት ያኔም ደህና አልነበረችም። በላይነሽ ማርገዟን ያወቀች ጊዜ በአገሯ እንደሚደረገው ጡቷን ሬት ቀብታ አስጥላታለች። የእርጉዝ ወተት ልጅ ይጎዳል ይባላል። በደህና ዘመን ጡት የጣለ ልጅ ቅቤ የጠገበ ፍትፍት እየጎረሰ ይረሳዋል። በዚያ ዓመት ግን ፍትፍቱ አልነበረም፤ ልጅቱ ከጡት ወርዳ ወደ ባዶ ነው የሄደችው።

ላቀው ሲወለድ ደግሞ ጀርባም ቀረባት። ቤቱ ያለው አንቀልባ አንድ ነው፤ የበላይነሽ እናት የሰጠቻት፣ ጠርዙ በዛጎል ያጌጠ። አንቀልባ የታናሽ ነው፣ ታላቅ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፣ ሕጉ እንዲህ ነው። የሺመቤት ግን በየትኛው እግሯ? ሆዷ ተነፍቶ ቅልጥሟ ቀጥኖ፣ ቁሚ ቢሏት ግድግዳ ይዛ ትንቀጠቀጥ ነበር።

የተጎዱ ሕፃናት ወተትና አጥሚት የሚሰጣቸው ከመጠለያው ማዶ፣ ከደረቁ ኮር ባሻገር ነው። ኮር የሚሉት በክረምት የሚሞላውን፣ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚሆነውን ወንዝ ነው። እናቶች ማለዳ ልጆቻቸውን ይወስዳሉ፣ ቀኑን በዳሱ ሥር እያበሉ ይውላሉ፣ ሲበርድ ይመለሳሉ። በላይነሽ የአራስነቷን ወራት ሳትጨርስ ተነሣች። ጎረቤቷ እማሆይ ወለተ ማርያም ተቆጥተው ነበር፤ አልሰማ ስትላቸው አንቀልባው ውስጥ ትንሽ ብረት አኖሩላት፣ አራስ ያለ ብረት አይወጣምና። ላቀውን በጀርባዋ፣ የሺመቤትን በክንዷ ይዛ ትመላለስ ጀመር። አንድ ቀን ኮሩ ውስጥ ከሁለቱም ጋር በግንባሯ ተደፋች።

ምገባው ጋ የምትሠራው ሂያም የምትባል ሱዳናዊት አሸዋ የሞላውን ፊቷን አጠበችላት። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፣ ልቧ ግን ሙሉ ነበር። «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እንዲህ አይሆንም፤ ሦስታችሁም ትሞታላችሁ» አለቻትና እጇን ይዛ ወደ መጋዘኑ ወሰደቻት።

መጋዘኑ ውስጥ ፈረንጅ አገር ያለ ሰው ከቤቱ አውጥቶ የላከው ሁሉ ተከምሯል። ተረከዘ ረጅም ጫማ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ የበረዶ ካፖርት። ለዚያ ሐሩር! ከክምሩ ኋላ ሂያም መንኮራኩር ያላቸውን ነገሮች እየጎተተች አወጣችና «ምረጪ» አለቻት።

የመጀመሪያው የአፈር መግፊያ የእጅ ጋሪ ነው፤ ሰፊ፣ ሁለት ልጅ የሚይዝ። በላይነሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። በዚያ ጋሪ ማለዳ ማለዳ የሞቱት እየተሰበሰቡ ሲሄዱ በዓይኗ አይታለች። «ልጄን እዚህ ላይ? በማርያም ከፊቴ አንሺልኝ!» አለች። ሁለተኛው ትልቅ ጥቁር የሕፃን ጋሪ ነበር፤ መንኮራኩሮቹ ሰፋፊ፣ ልጁ ፊቱን ወደሚገፋው ሰው አዙሮ የሚቀመጥበት። ልጅቱን አስቀምጣ ገፋችው። ገና በሩ ላይ ደፉን መሻገር አቃታት፣ በዚያ ላይ ኮሩ አለ። ሦስተኛው ግን ቀላል፣ ሰማያዊ ጨርቅ ዳክዬ የተሳለበት፣ በአንድ እጅ ብድግ የሚል ነበር። ልጅቱ ፊቷን ወደ መንገዱ፣ ጀርባዋን ወደ እናቷ አድርጋ ተቀመጠችበት፤ ዳክዬዎቹን በጣቷ ነካካች፣ ከስንት ጊዜ በኋላም ሳቀች። በላይነሽ አላመነታችም። በደረቅ ጡቷ አራስ ልጅ የምታጠባ፣ ራሷ በአንድ እፍኝ ማሽላ የምትውል ሴት ከክብደት ሌላ ምን ታመዛዝናለች? እኔም ብሆን ያቺኑ ነበር የምመርጠው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ይሉ ነበር፣ በዚያ መከራ ውስጥ ደስታ ማለት ከተቻለ። ላቀው በጀርባ፣ የሺመቤት በጋሪ፣ ኮሩ ላይ ሲደርሱ ጋሪዋን ብድግ፣ ከዚያ እንደገና ግፊ። የሺመቤት አጥሚቱን መጨረስ ጀመረች። አንድ ቀን ግድግዳ ሳትይዝ ቆመች። በላይነሽ ባሏ ሲመጣ በሩ ላይ እንዴት አድርጋ እንደምታቆማት ታስብ ጀመር።

ነገር ግን መጠለያው ዓይኑን ጣለባቸው። እንዲህ ያለ ጋሪ ያየ ማን አለ? ሕፃን አዋቂው ይከተላቸዋል። «እቴጌይቱ መጡ!» ይላሉ። ሱዳኖቹ «ማሻላህ» ይላሉ። ያለ ልጅ የቀሩ እናቶችም ቆመው ያያሉ፤ የእነሱ ዝምታ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራታል። እማሆይ ወለተ ማርያም አንድ ማለዳ ክንዷን ያዙና «አንቺ ልጅ፣ ይቺን ሕፃን ለሰው ሁሉ ዓይን አስጥተሽ የምትዞሪ ምን ነካሽ? ሸፍኛት እንጂ! ዓይን ያደረቀው ልጅ በወተት አይመለስም» አሏት። ክፋት አልነበራቸውም፤ እሳቸውም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። በላይነሽ ደነገጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጠላዋን አጥፋ ከጋሪዋ አናት እስከ እግር መርገጫው ትጋርድባት ጀመር። ልጅቱ ከውስጥ «አይታየኝም!» እያለች ትነጫነጫለች፤ እናቷ «ዝም በይ፣ ይበሉሻል» ትላታለች።

ግንቦት ገባ። ሙቀቱ ድንጋይ የሚያፈርጥ ዓይነት ሆነ። አንድ ሌሊት የሺመቤትን ሆዷ ሲያስኬዳት አደረ። ሲነጋ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ጋሪው ላይ ልታስቀምጣት ስትል የእናቷን አንገት ይዛ አልለቅም አለች።

«እማ፣ እዘዪኝ።»

«ወንድምሽ የት ይግባ? አንቺ እኮ ጋሪ ያለሽ ወይዘሮ ነሽ።»

«እዘዪኝ በቃ።»

«ስንመለስ። ስንመለስ አዝልሻለሁ፣ እሺ?»

ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀችና አስቀመጠቻት፤ ነጠላውንም ጋረደችባት። ሂያም ዘንድ ቶሎ ከደረሰች መድኃኒቱ አለ፣ ስኳርና ጨው ያለበት ውኃም አለ፤ ያንን እያሰበች ገፋች። በመንገድ ታወራታለች። «የሺ?» ስትላት «እህ» ትላለች ከነጠላው ሥር። ጥቂት ሄዳ ደግሞ «የሺ?» ትላለች፣ «እህ» ይመጣል፣ ትንሽ ቀጠን ብሎ። ላቀው በጀርባዋ ይወራጫል። ሲያለቅስ እሹሩሩ ትለዋለች፣ ሲያንቀላፋ ትንፋሹ አንገቷ ላይ ይሞቃታል። ልጅ የታዘለ እንደሆነ ጀርባ ሁሉን ያውቃል፤ ትኩሳቱን፣ እንቅልፉን፣ ርሃቡን። የጋሪ እጀታ ግን ብረት ነው፣ ምንም አይነግርም።

ኮሩ ላይ ስትደርስ «የሺ?» አለች። መልስ አልመጣም። ሌሊቱን አልተኛችም፣ እንቅልፍ ጣላት ብላ ደስ አላት። በዚያ ጊዜ ከምገባው የሚመለስ አንድ የእኛው ሰው ጋሪዋን በአንድ ጎን ይዞ አሸዋውን አሻገረላት። መልካም ሰው ነበር። «ወይ ጉድ፣ እንዲህ ያለው በከተማም የለ! እስቲ ባለቤቷን ልያት» ብሎ ጎንበስ አለና የነጠላውን ጫፍ ያዘ። በላይነሽ እጁን መታችው።

«ተኝታለች፤ ተዋት!»

ነጠላውን መልሳ ዙሪያውን ከጨርቁ ሥር ወሸቀችው፣ ማንም እንዳይከፍተው። ሰውዬው አፍሮ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ይህን ስሰማ አንጀቴ እርር ነው ያለው። ያ ሰው ያን ጨርቅ ገልጦ ቢሆን! ምገባው ከዚያ ወዲያ ይታያል፤ ሮጦ ይደርስ ነበር ይሆናል፣ ላይደርስም ይችላል። በላይነሽ ግን «ይደርስ ነበር» ብላ ነው የኖረችው።

ዳሱ ሥር ስትደርስ ላብዋን ጠርጋ ተራ ያዘች፤ ልጅቱን አልቀሰቀሰቻትም፣ ትረፍ ብላ። ሂያም ከሩቅ አይታት ጣሳውን ይዛ እየሣቀች መጣች፣ ጎንበስ ብላም ነጠላውን ገለጠችው። ጣሳው ከእጇ ወደቀ። የሺመቤት ራሷን ወደ ጎን አዘንብላ፣ አንድ ጣቷን ዳክዬው ላይ አድርጋ ነበር። ዓይኗ አልተከደነም።

በላይነሽ አልጮኸችም። ያን ቀን ያዩዋት ሴቶች ይህንን ነው የሚያነሡት። የአፈር መግፊያውን ጋሪ የያዙት ሰዎች መጡ፤ እጇን ዘርግታ ከለከለቻቸው። ከዚያ አንቀልባውን ፈታች። ላቀውን አወጣችና ሰማያዊዋ ጋሪ ላይ አስተኛችው፣ ሳትሸፍነው። የሺመቤትን አንሥታ አዘለቻት። ሂያም እያለቀሰች «ያ ኡኽቲ፣ አይሆንም፣ ተይ» ብትላት «ስንመለስ አዝልሻለሁ ብያታለሁ» አለቻት። ሂያም ጋሪዋን ይዛ ከጎኗ ትገፋ ጀመር። ኮሩን እንዲሁ ተሻገሩ። በላይነሽ ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው፤ ጀርባዋ እስኪሞቅ ትጠብቅ ነበርና።

እማሆይ ወለተ ማርያም ደጃቸው ተቀምጠው ነበር። የሺመቤትን ከአንቀልባው ውስጥ ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «ተመስገን! ዛሬስ አዘልሻት፣ ደግ አደረግሽ!» እያሉ ሊቀበሏት ብድግ አሉ። በላይነሽ ዞራ ጀርባዋን አሳየቻቸው።

አንዳርጌ ከክረምቱ በኋላ ከሀዋታ መጣ። ጎጆው በር ላይ ቆሞ አንዴ ወደ ውስጥ አየና መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ጋሪዋን በላይነሽ ዳግመኛ አልነካቻትም፤ የሰፈሩ ሰው ውኃ ሲያመላልስባት ከረመ። ሁለተኛ አደራም ሳይሰጣት ባሏ ከጥቂት ዓመት በኋላ በወባ ሞተ፣ እሷም ላቀውን ይዛ ገዳሪፍ ገባች፤ እየፈጨች፣ እያጠበች፣ ሰሊጥ እያበጠረች አሳደገችው።

ላቀው ዛሬ ሪክሻ ነጂ ነው፤ አገር ቤት ባጃጅ የሚሉትን። አማርኛው በዐረብኛ ይቆራረጣል፣ እናቱን ግን ይወዳል። ሁለተኛ ልጅ ሲወለድለት፣ ሚስቱ ማሬ ሁለቱን ማዘል አቃታት ብሎ፣ የሕፃን ጋሪ ሊገዛ ወደ ሱቅ ሄደ፤ እናቱንም ይዟት ሄደ። ነጋዴው አንዷን ቀላል፣ ታጣፊ፣ መጋረጃ ያላትን ጎትቶ አወጣ። ላቀው በአንድ እጁ አነሣትና «ደ ተማም፣ ይቺ ጥሩ ናት፣ እማ! ቀላል ናት፣ ሪክሻዋም ላይ ትገባለች» አለ።

በላይነሽ ጋሪዋን ዞረቻት። «ልጁ ፊቱን ወዴት ነው የሚያዞር?» አለች።

«ወደ ፊት ነዋ። መንገዱን እያየ ይሄዳል፣ ደስ ይለዋል።»

«ወደ እናቱ የሚያዞረውን አምጣ።»

«እሱ ይከብዳል እኮ፣ እማ። ማሬ አትችለውም።»

«ይክበድ።»

ላቀው ሣቀ፤ ሰፈሩ ስለ እናቱ የሚያወራውን እሱም ይሰማል፣ ያፍርበታልም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ምን ሆነሽ ነው ግን ልጅ ሁሉ ካልታየኝ የምትይው?» አላት። እስከዚያ ቀን ነግራው አታውቅም። እህት እንደነበረችው ያውቃል፣ በረሃብ ዘመን ሞተች መባሉን ያውቃል፣ ሌላ አያውቅም። በላይነሽ ጋሪዋን በእግሯ ገፋ አደረገቻትና እዚያው ሱቁ በር ላይ፣ ነጋዴው እየሰማ፣ ሁሉንም ነገረችው፤ ነጠላውን፣ ኮሩን፣ የመታችውን እጅ።

«አንተ ያን ቀን ጋሪዋ ላይ ተኝተህ ነው የተመለስክ» አለችው በመጨረሻ። «እሷ ጀርባዬ ላይ ነበረች።»

ላቀው ከባዱን ጋሪ አስወጣ፣ ከፈለ፣ መጋረጃውንም ከብረቱ ላይ ነቅሎ ለነጋዴው መለሰለት።