አያቴ ወንድ ሆና የሄደችበት መንገድ

አንድ የባህል ጽሕፈት ቤት ልጅ መተማ ዮሐንስ ቤቴ ድረስ መጣ። አዳራሽ ውስጥ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ይዟል። የጥንት ፈረንጅ በበቅሎ፣ ከፊቱ ሦስት ሰዎች በእግር። ከሥሩ «አገር አሳሹና ሦስት ወንድ አሽከሮቹ» ይላል።

«ሁለቱን አላውቃቸውም፤ ከፊት ያለችው አያቴ ናት» አልኩት። «ያን አፍንጫ በየቀኑ መስተዋት ውስጥ አየዋለሁ።»

«አባባ፣ ሱሪ የታጠቀ ጎልማሳ እኮ ነው።»

«ሱሪው የወንድሟ ነው።»

አያቴ በልጅነቴ አጫውታኛለች። ከነጋዴ አባቷ ጋር ድንበር ማዶ ወደ ገላባት ስትወርድ ስትወጣ ነው ያደገችው፤ በበጋ የማይደርቀውን ጉድጓድ ሁሉ ታውቃለች። ፈረንጁ ሴት መንገድ አትመራኝም ሲል ጠጉሯን ተላጭታ፣ ራሷን ጠምጥማ ተመልሳ መጣች፤ ቀጠራት። «ጫኞቹ አወቁ፣ በቅሎዋም አወቀች» ትል ነበር። «እሱ ግን ወንዙን ሲጽፍ፣ ተራራውን ሲጽፍ፣ ፊቱ ያለሁትን ሳያየኝ አገሩ ገባ።»

ዛሬም ወንድ ተብላ ልትሰቀል ነው፤ እኔ በቁሜ እያለሁ።

«አሸካከሟን እይ» አልኩት። ውሃ የሞላ ስልቻ በጀርባዋ፣ ጠፍሩ በደረቷ። በእኛ አገር ወንድ በትከሻው ነው የሚሸከመው፤ ጀርባ የሴት ነው።

ልጁ ዞር ብሎ ጀርባው ላይ ያለውን የኮምፒውተር ቦርሳ አሳየኝ። «እኔስ ታዲያ ሴት ነኝ?»

ይኸን የሰማች ባለቤቴ ከጓዳ ውሃ የሞላ ጀሪካን በገመድ አስራ ወጣች።

«ቦርሳህን አውርድና ይችን ሞክራት፣ የኔ ልጅ።» ቁጭ አድርጋ ገመዱን በደረቱ አዞረችለት። «በል ተነሥ።»

ቀና ከማለቱ ጀሪካኑ ወደ ኋላ ጎተተውና ተንጋለለ፤ እግሩ ወደ ሰማይ።

«መጀመሪያ ጎንበስ፣ ከዚያ በጉልበት ነው» አለችው። «ይኸን የሚያውቅ ወንድ ካገኘህ አምጣልኝ። ይኸ ሰውዬ እንኳ ዕድሜ ልኩን እያየኝ አልቻለበትም።»

«እኔን ምን አመጣኝ?» አልኳት።

ልጁ አቧራውን እያራገፈ ፎቶውን እንደገና አየ። ያችው ሴት ጎንበስ ብላ ዳገቱን ትወጣለች። እየሳቀ እስክሪብቶ አወጣና የሥር ጽሑፉን ሰረዘው።

አሁን አዳራሹ ውስጥ «አገር አሳሹና መንገድ የመራችው ሴት» ተብሎ ተሰቅሏል። ባለቤቴን ወስጄ አሳየኋት። ቀርባ ብዙ ተመለከተች።

«ጎበዝ ነበረች» አለች። «ጠፍሩ ግን ትንሽ ላልቷል።»