የአሰብ ሹፌር በስኖኳልሚ

ወንዳፍራሽ የአሰብ ሹፌር አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሲያትል አጠገብ ቡሪየን ያለው አበሻ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲያ ብለን ስለጠራነው ነው። በደርግ ጊዜ ሰባት ዓመት ከአዲስ አበባ አሰብ በፊያት ከነተሳቢው መመላለሱ እውነት ነው። የተመላለሰው ግን በረዳትነት ነው። ጭነት ይጭናል፣ ሸራ ይወጥራል፣ ገመድ ያስራል፣ ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል። መንዳት የተማረው ሲያትል ከመጣ በኋላ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሸትል ይነዳል፤ ጎበዝ ነው፣ አንድም ቀን መኪና ገጭቶ አያውቅም። ተሳቢ ግን ጎትቶ አያውቅም።

ውሸቱንም ቢሆን እሱ አልጀመረውም። በ1994 እጅጋየሁን ሊያገባ ሲል አባቷ ከደሴ በስልክ ሥራውን ጠየቁት። «አሰብ መንገድ ላይ ነበርኩ» አላቸው። ሽማግሌው የቀረውን ራሳቸው ሞሉት። የአሰብ ሹፌር ማለት በዚያ ዘመን ባለ ቆዳ ጃኬት፣ ባለ ወርቅ ጥርስ፣ በየከተማው ፍሪዳ የሚጣልለት ሰው ነው። ደስ አላቸው፤ ዳሩለት። ወንዳፍራሽም ነገ አርመዋለሁ እያለ ሳያርመው ቀረ። ሽማግሌው ልጄን ለሹፌር ዳርኩ እንዳሉ ሞቱ። እጅጋየሁም ክርስትና ላይ፣ ልደት ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ባሏ ታርማበርን በጭጋግ እንዴት እንደሚያቋርጥ ታወራለች፤ እሱ ሳህኑን እያየ ይበላል። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የወንዳፍራሽ ግን እያደር ከበደ፤ ምክንያቱም እውነቱ ከወጣ ሚስቱን እንደሚያጣ ያምን ነበር። ይህን ኋላ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

በ2013 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጃቸው ሶሲ ከተራራው ማዶ ስፖኬን ከተማ ኮሌጅ ገባች። ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት ወንዳፍራሽ ተሳቢ ተከራየ፤ ከአሮጌው ቶዮታው ኋላ አሰረና ደጁ አቆመው። የተሳቢው ወሬ ከእሱ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። ስፖኬን ጤፍ እንደልብ አይገኝም፤ ዘመድ ያለው ሁሉ እየተሸከመ መጣ። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ አንዷም ትልቅ የብረት ድስት። መንገደኛን እግረ መንገድህን አድርስልኝ ማለት እንደ ሰላምታ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው ስሙ ከከተማው ሌላ ጫፍ እስከ ኖርዝጌት ይሰማል። እኔም እዚያ ላለ የክርስትና ልጄ ሁለት ከረጢት ጤፍ ይዤ ሄጃለሁ፤ አልክድም።

የሶሲ ፍራሽ፣ ትራስና ልብስ ከፊት ገባ። የሰው አደራ መጀመሪያ የሚወርደው ስፖኬን፣ አቶ ኃይለ መስቀል የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ነው፤ ስለዚህ መጨረሻ፣ ከበሩ ሥር ተከመረ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ብልህነት መስሎኝ። ወንዳፍራሽ የተሳቢው ኋላ ዝቅ ማለቱን አየ። ወጥቶ ጭነቱን ሊያስተካክል አንድ እግሩን አነሣ። እኔም፣ አፌ ይቆረጥ፣ «ወንዴ ተው፣ ጭነት የረዳት ሥራ ነው። ሹፌር ቁልፉን ይዞ ይቆማል» አልኩት። ሰው ሳቀ። እጅጋየሁም ሳቀች። እግሩን መለሰ፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ የድሮ ሹፌሩ እንደሚያደርገው፣ ቆሞ አየን።

ከተራራው ሥር እስካለችው ኖርዝ ቤንድ ደህና ሄዱ። ዳገቱ ሲጀምር ቶዮታው አቃሰተ፣ ግን ወጣ። እጅጋየሁ ጎኑ ተቀምጣ ለሶሲ የታርማበርን ነገር ትነግራታለች፤ ሶሲ ጆሮዋ ውስጥ የማዳመጫ ገመድ ሰክታለች። ከስኖኳልሚ ተራራ ጫፍ አልፈው ቁልቁለቱን ሲይዙ አንድ ረጅም የጭነት መኪና በግራ አለፋቸው፤ የንፋሱ ግፊት ተሳቢውን ነካው። መጀመሪያ ትንሽ ተወዛወዘ። ወንዳፍራሽ ፍሬን ያዘ፤ ይህ ነው ስህተቱ። የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ ተወረወረ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ የቶዮታውን ቂጥ ይዞ። ኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋ። እጅጋየሁ ማርያምን ትጠራለች። ወንዳፍራሽ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ያወቀው አለማወቁን ብቻ ነው። ከፍርሃቱ ብዛት እግሩ ከፍሬኑም ከነዳጁም ላይ ተነሣ። መሪውን ጨብጦ ቀረ። ያዳናቸው ይኸው ነው። መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ተሳቢውም ረጋ፤ በቀጣዩ መውጫ ወጥተው አንድ ሰፊ የአስፋልት ሜዳ ላይ ቆሙ።

ከዚያ እጅጋየሁ «ቶው ትራክ ኮል እናድርግ፣ ጎትቶ ይውሰደን» አለች።

«አያስፈልግም። መኪናው ምንም አልሆነም፤ ጭነቱ ነው። ኋላው ከብዷል።»

«ሶ፣ ይህን ቤት ሳለን አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አውቀህ ነው ልጄን የጫንክብኝ?»

እዚህ ላይ ሌላ ውሸት ሊዋሽ ይችል ነበር። ደከመው መሰለኝ። «እጅግዬ፣ ሹፌር አልነበርኩም። ረዳት ነበርኩ። ጭነት ነው የማውቀው፤ ተሳቢ ስጎትት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አላት።

እጅጋየሁ አልጮኸችም። «አባቴስ?» ብቻ አለችው። በሩን ከፍታ ወረደችና ከታች አንድ ሐይቅ ወደሚታይበት ጠርዝ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። ሶሲ ከጆሮዋ ገመዱን ነቅላ በእንግሊዝኛ፣ ረዳት ምን እንደሚሠራ ጠየቀችው። «ነይ ላሳይሽ» አላት።

ጭነቱን አንድ ሳይቀር አስፋልት ላይ አወረደው። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ወገቡንም ያመዋል። ጤፉን በእጁ እየመዘነ ከፊት ደረደረው፣ ድስቱን ዝቅ አድርጎ መሐል ላይ አስቀመጠው፣ በርበሬውን ግራና ቀኝ አከፋፈለው፣ ፍራሹን ከኋላ አቆመው። ከዚያ በገመድ አሰረ፤ ሶሲ እንዳለችኝ እጁ ገመዱን ሳያይ ነው የሚያስረው። ጨርሶ ተሳቢውን በትከሻው ገፋ አድርጎ አዳመጠ። እጅጋየሁ ዞራ ታየው ነበር፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ አላወቀም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ በልበ ሙሉነት ሲሠራ አይታው አታውቅም፤ ይህን ለእኔ የነገረችኝ እሷ ናት። መናደዷ ግን አልበረደም።

ከዚያ እስከ ስፖኬን አራት ሰዓት ያህል ነዳ። ተሳቢው እንደ ሰው ተከተለው። የኮሎምቢያ ወንዝ ቁልቁለት ላይ እንኳ ንቅንቅ አላለም። እጅጋየሁ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። እሱ በልቡ ትዳሩን እየተሰናበተ ነበር፤ ሶሲን ካደረሱ በኋላ በባዶ ተሳቢ ሁለቱ ብቻቸውን እንዴት እንደሚመለሱ እያሰበ።

አቶ ኃይለ መስቀል ደጅ ላይ የስፖኬን ሰው አደራውን ሊቀበል ተሰብስቦ ጠበቃቸው። አደራ ጥብቅ ነውና ከረጢት በከረጢት በስም ተጠራ፤ አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተቀደደም። ሽማግሌው ተደስተው ወንዳፍራሽን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «የአሰብ ሹፌር ድሮም ሌላ ነው። ያን ተራራ አቋርጦ እንዲህ ማድረስ! እጅጋየሁ፣ ዕድለኛ ነሽ» አሉ።

ወንዳፍራሽ መሬት መሬት አየ። እጅጋየሁ የመጨረሻውን ከረጢት አስረክባ እጇን አራገፈች።

«ሹፌር አይደለም፣ ጋሼ» አለች፤ ሁሉም እየሰማ። «ረዳት ነበር። እርስዎም ይወቁት፤ እኔም ያወቅኩት ዛሬ ነው።»

ሽማግሌው ከወንዳፍራሽ ትከሻ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ተራራው ላይ ሹፌሩ ሊገድለን ነበር» አለች እጅጋየሁ። «ያተረፈን ረዳቱ ነው።»

ወንዳፍራሽ እንባው መጣ። ሰው ከእፍረት መስሎት ፊቱን አዞረለት፤ እፍረቱም አልቀረም። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሚስቱ በየግብዣው ስታሞግስ የኖረችው ሌላ ሰው ነበር። የራሱ ምስጋና ለራሱ ሲደርሰው ያ የመጀመሪያው ቀን ነው።