ልጄ ስትዋኝ የምመታው ድስት

ጁባ ከተማ፣ ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። እዚያ ቤት ለሠርግና ለተዝካር ካልሆነ የማይጣድ አንድ ትልቅ ብረት ድስት ነበረኝ። አሁን ምግብ አይሠራበትም፤ ጎኑ በሙሉ ተጎድጉዷል። ማለዳ ማለዳ ጀልባ ላይ ይዤው እወጣና ልጄ ዋናዋን እስክትጨርስ እመታዋለሁ።

ልጄ ትልቅ ሰው ናት። ሥራዋ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን የሚደረግበት ውድድር ነው እላለሁ። ሰው አያምነኝም። ዋናው ብቻ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከውሃው ወጥተው ደግሞ ከጁባ እስከ ኒሙሌ፣ እስከ ዩጋንዳ ድንበር የሚያህል መንገድ በብስክሌት ይሄዳሉ። እዚያ ደርሰው አያርፉም፣ ማራቶን ይሮጣሉ። መጀመሪያ የነገረችኝ ቀን፣

«በስንት ቀን ነው ይሄ ሁሉ?» አልኳት።

«በአንድ ቀን እማዬ።»

«ማነው የሚያሳድዳቸው?» አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ነገሩ የጀመራት ሆቴል ስትሠራ ነው። የመዋኛ ገንዳውን የምትጠብቅ እሷ ነበረች፤ አንድ እንግዳ አገሩ ሲገባ ብስክሌቱን ትቶላት ሄደ። ሩጫውን ቡሉክ በሚባለው ሰፈር በኩል ገና ሰው ሳይበዛ ትሮጣለች። ብስክሌቱን የኒሙሌ መንገድ ላይ እንድታወጣው አልፈቅድም፤ ሽፍታ የማያጣው መንገድ ነው፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጓሮ ውስጥ ብረት ላይ አስራው፣ ጎማው ባለበት እየተሽከረከረ፣ ላቧ ሲሚንቶው ላይ እየተንጠባጠበ ትነዳለች። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ኋላ ሆቴሉ ተሸጠ፣ አዲሱ ባለቤትም ገንዳውን በኮረት ደፈነው። ያን ጊዜ ልጄ ወደ ነጭ ዓባይ ወረደች።

ያንን ወንዝ አውቀዋለሁ። ከላይ ሲያዩት የተኛ ይመስላል እንጂ ከሥር ይጎትታል። ባለፈው ክረምት ከዳር ልብስ ስታጥብ የነበረች ሴት ጠፍታ ባልዲዋ ብቻ ተገኘ። እዚህ አዞን ቱምሳ ይሉታል፤ ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዳር የሚቆሙ ወታደሮችም አሉ። አንዱ ልጄን ከውሃው ስትወጣ አግኝቷት፣ «ማን ፈቀደልሽ? ከማዶ ማን ላከሽ?» ብሎ መሣሪያውን እንዳነገተ እርጥብ ልብሷን እንደለበሰች ፀሐይ ላይ አቁሟት ነበር። ለምኜ ነው ያስለቀቅኳት። በማግስቱ ተመልሳ ወረደች።

«እስከ መቼ ነው?» ብዬ አለቀስኩባት።

«ፕሮ እስክሆን ነው እማዬ። ማጣሪያውን እስካልፍ።»

ፕሮ የሚሉት ለገንዘብ የሚወዳደረውን ነው። ሌላው ሕዝብ የራሱን ከፍሎ ለስሜቱ ይወዳደራል። ከዚያ ሕዝብ ፊት ፊት የገባ፣ ሰዓቱም ከአንደኛው ብዙ ያልራቀ፣ የፕሮ ፈቃድ ይሰጠዋል። እኔ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። እኔ የማውቀው ማለፍ የሚባል ነገር፣ ሰው ፈተናውን ያልፍና ይቀጠራል፤ ደሞዙን ይበላል፤ ጥናት ይቀራል። ስለዚህ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሜ ተሳልኩ። «ልጄን አሳልፊልኝ፣ ዘርፉ የወርቅ የሆነ ጃንጥላ አገባለሁ» አልኩ።

ልጄ ጎረቤት አገር ሄዳ ሐይቅ ላይ በተደረገ ውድድር አለፈች። ጃንጥላውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ስለቴን ሳስገባ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔም ልጄ ከወንዝ ወጣች ብዬ ከሁሉም በላይ እልል አልኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ገና የምግብ ቤቱን በር ስከፍት፣ «በይ አሁን እረፊ፤ ደሞዙ መቼ ነው የሚጀምረው?» አልኳት።

ቦርሳዋን አስቀመጠችና አየችኝ። «ምን ደሞዝ?»

«ፕሮ ሆንሽ አይደል እንዴ?»

«እማዬ፣ ደሞዝ የለውም። ሽልማት ነው። እሱም ለፊተኞቹ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ለአስር ሰው፣ አንዳንዱ ቦታ ከዚያም ያንሳል። ከዚያ ኋላ የገባች ባዶ እጇን ትመለሳለች። ለዓለሙ ትልቅ ውድድር ደግሞ ሌላ ማጣሪያ አለ።»

«ታዲያ ወንዙ?»

«ወንዙማ አሁን ነው የሚብሰው» አለች፤ ቀስ ብላ። «እስከ ዛሬ ዋናዬ ደካማ ቢሆንም በብስክሌት እደርስባቸው ነበር። ፕሮዎቹ ግን አይጠብቁም። ከውሃ ዘግይታ የወጣች ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። ውሃው ውስጥም እንደዚያው ነው። ሌላው ሕዝብ እየተጋፋ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ ይዋኛል። ፕሮ ሴቶች ግን ጥቂት ነን፤ ከሕዝቡ በፊት ነው የምንለቀቀው። ያቃታት ከኋላ ትቀራለች፣ ከፊቷም ከኋላዋም ሰው የለም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በአንገቴ ዙሪያ ነጠላዬ ከበደኝ። እልልታው ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

ጨርቅ በጅምላ የሚሸጠው ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። ከሰላት ሲመለስ ሁሌ ሻይ ይጠጣል።

«እትዬ፣ እኔ ሱቅ አስራ አንደኛ የመጣም ሰው ጨርቁን ይዞ ነው የሚሄደው» አለ። «ይሄ ምን ዓይነት ገበያ ነው?»

«ሐጂ፣ እርስዎም ይቀልዱብኝ» አልኩት።

«አልቀለድኩም። ልጅቷ ከወረደች አይቀር ብቻዋን አትውረድ። ሰው ፈልጊላት።»

እሱ ነው ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ጋር ያገናኘኝ። ሽማግሌው ወንዙ ላይ ያረጀ ሰው ነው፣ ንግግሩ ጥቂት ነው። እኔን «ማማ ሐበሺያ» ይለኛል። ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ላይ ሲሄዱ የጀልባውን ጎን እየመቱ ነው፤ ድምፁ ውሃው ውስጥ ያለውን ገለል ያደርገዋል። ግን ልጄን ለመከተል ሁለት እጁም መቅዘፊያው ላይ መዋል አለበት። የሚመታ ሰው ጠፋ። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም፤ ቢሆንም እኔው ልምታ ብዬ ድስቱን አመጣሁ። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ እንዲጠልቅ ሽማግሌው ከጀልባው ጎን በገመድ አሰረልኝ፣ ከውስጥ በብረት ጭልፋ እንድመታው አሳየኝ።

«ይሄን ሲሰማ ይሸሻል?» አልኩት።

«ጉማሬ ይሸሻል።»

«ቱምሳስ?»

መቅዘፊያውን አነሳ። «ቱምሳ እንደ ሆዱ ነው» አለኝ።

እንግዲህ እንዲህ ጀመርን። እሷ ትዋኛለች፣ ሽማግሌው ይቀዝፋል፣ እኔ እመታለሁ። ዓይኔን ከብርቱካንማ የዋና ቆቧ ላይ አልነቅልም። ወንዙ መሐል የተያያዘ ቅጠል እንደ ደሴት እየተንሳፈፈ ሲያልፍ ቆቧ ከጀርባው ይሰወራል፤ እስኪወጣ ድረስ አጠንክሬ እመታለሁ።

በዚህ ሳምንት፣ ደመና በነበረበት አንድ ጠዋት፣ ሽማግሌው ድንገት መቅዘፍ አቆመ። ክንዴን ያዘኝ።

«ኸላስ። አትምቺ፣ ልስማ።»

ጭልፋው እጄ ላይ ቀረ። በሸምበቆው በኩል የነበረ፣ ግንድ ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር፣ ቦታው ላይ የለም። ውሃው ምንም አይንቀሳቀስም። ልጄን ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ነው፣ አትሰማኝም። እሷ ግን ያኔውኑ መዋኘቷን አቆመች። ጭንቅላቷን አወጣች፣ ወደኛ ዞረች፣ ቀጥ ብላ መጣች። ሽማግሌው በብብቷ ይዞ ጎትቶ አስገባት፤ ጀልባው ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም።

«ለምን አቆምሽ?» አለችኝ እያለከለከች።

«አንቺስ ማቆሜን በምን አወቅሽ?»

«እማዬ፣ ውሃው ሥር እኮ ከድስትሽ ሌላ የሚሰማኝ ነገር የለም። ሲቆምብኝ ጊዜ ሁሉም ነገር ጨለመ።»

ሽማግሌው ሸምበቆውን እያየ፣ «ግንድም ሊሆን ይችላል» አለ። ስንመለስ ግን በዚያ በኩል አልወሰደንም፤ ዙሪያ ጥምጥም ዞረን ወጣን።

የመጀመሪያው የፕሮ ውድድሯ ደርሷል። ባሕር ላይ ነው አሉ። «እዚያ ጠባቂ ጀልባ ሞልቷል» ትለኛለች። «ድስት የሚመታልሽስ?» እላታለሁ፣ ትስቃለች። ትናንት ሁለተኛ ስለት ልሳል ሄጄ ሥዕሉ ፊት ስቆም የምሳለውን አጣሁ። ትሸነፍ ብዬ ብሳል፣ ዋናዬ ነው ያሸነፈኝ ብላ ከወንዙ አትወጣም። ታሸንፍ ብል፣ የዓለሙ ማጣሪያ አለ፣ አሁንም ወንዝ ነው። ያስገባሁት ጃንጥላ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ሻማዬን አብርቼ ስለት ሳልሳል ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ውሃው ውስጥ ልትገባ ስትል መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ክንዴን የምወረውረው በድስትሽ ምት ነው፤ አንቺ ስትመቺ አንድ ክንድ። ሰዓቴ የተሻለው ለዚህ ነው። ዛሬ ፈጠን አድርጊው።»

ገባች። ሽማግሌው መቅዘፊያውን ነከረ፣ ዓይኑ ግን ከሸምበቆው ላይ አልተነሳም። ምን እንዳየ አልጠየቅኩትም። ጭልፋውን አጥብቄ ያዝኩ፣ ፈጠን አድርጌም መታሁ።