ከኮምፒውተሩ ጀርባ

ኮምፒውተሩ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ሞተ። አያቃስትም፣ አያስጠነቅቅም፣ የስህተት ገጽ አያሳይም። ድርግም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይነሣል።

የኮምፒውተሩ ባለቤት የችሎት የድምፅ ቅጂ እየሰማች ወደ ጽሑፍ የምትገለብጥ ሴት ናት። ቤቷ ሆና ነው የምትሠራው። በዘጠነኛው ሞት የሁለት ሰዓት ምስክርነት ሲጠፋባት ስልኳን አንሥታ ቀጮ ጋ ደወለች።

ቀጮ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዛሬ አርባ አራት ሞልቶት ቦርጩ ከቀበቶው በላይ ይንጠለጠላል፤ ስሙ ግን አብሮት አልወፈረም። ያወጡለት የሴትየዋ አባት ናቸው።

ጋሼ፣ ሁሉም የሚጠራቸው እንዲሁ ነው፣ አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ኤሌክትሪክ ሲዘረጉ ኖረዋል። ቀጮ ስድስቱን ዓመት መሰላላቸውን ተሸክሟል፣ ሽቦ ስቦላቸዋል፣ ስድባቸውን ጠጥቷል። ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ታዲያ አንድ ቀን ደንበኛ ፊት «ጋሼ፣ ይኼ መስመር ተሳስቷል» አላቸው። ልክ ነበር። ጋሼ መስመሩን አስተካከሉ፤ እሱን ግን ሁለት ዓመት አላናገሩትም። ኤሌክትሪኩን ትቶ ኮምፒውተር የገባው ያኔ ነው። ያስታረቀቻቸው ልጃቸው ናት። ከዚያ ወዲህ ቀጮ ጋሼን አርሞ አያውቅም።

«መጣህ፣ የአሻንጉሊት ሐኪም?» አሉት በሩን ሲከፍቱለት።

«መጣሁ ጋሼ። ደህና ነዎት?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? የታመመው ያንተ ወገን ነው።»

ከቤቱ ጀርባ አምና የተጨመሩ ሁለት ጠባብ ክፍሎች አሉ። አንዱ የልጃቸው መሥሪያ ነው። ሌላው የሦስት ዓመት ልጇ መኝታ ነው። በመካከላቸው አንድ ግድግዳ ብቻ አለ፤ በወዲህ በኩል የኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ተጠግቶታል፣ በወዲያ በኩል የሕፃኗ አልጋ ራስጌ። የሁለቱንም ክፍሎች መብራትና ሶኬት ጋሼ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ማንንም አላስጠጋ ብለው፣ ብቻቸውን ዘርግተዋል።

ቀጮ ሣጥኑን ፈታ። ትራስ የሚሞላ አቧራ ወጣው። ማራገቢያውን አየ፣ ሙቀቱን ለካ፣ ሚሞሪውን ነቅሎ በሌላ ተካ፣ የመፈተሻ ፕሮግራም ጭኖ አንድ ሰዓት አስኬደው። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ማሽኑ ስለራሱ የሚይዘውን መዝገብ ከፈተ።

ኮምፒውተር ሲታመም ይጽፋል። እዚህ ጋ አመመኝ፣ እዚያ ጋ ተሳሳትኩ ይላል። ይኼኛው ከመሞቱ በፊት አንዲት ቃል አልጻፈም። ሲነቃ ብቻ፣ በአግባቡ ሳልዘጋ ጠፋሁ ይላል። ዘጠኝ ጊዜ፣ ያችኑ አንድ መስመር። የሞቱን ሰዓት በብጣሽ ወረቀት ላይ ገለበጠ። ዘጠኙም ከጠዋቱ ሦስትና አራት ሰዓት መካከል ነበሩ።

«በዚህ ሰዓት ምን ትሠራላችሁ?» አላት።

«እኔ እገለብጣለሁ። አባዬ በወዲያኛው ክፍል የልጅቷን ልብስ ይተኩሳል። ሌላ ማንም የለ።»

ቀጮ ኮምፒውተሩን ወደ ሱቁ ወሰደው። አራት ቀን ሳያጠፋ ከባድ ከባድ ሥራ ጫነበት። አልሞተም። በአምስተኛው ቀን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ሰካው።

«ጋሼ፣ እስቲ እንደ ወትሮዎ ካውያውን ይሰኩ።»

«ልብስህ ተጨማደደብህ?»

«ለሙከራ ነው።»

ጋሼ እያጉረመረሙ ሰኩ። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ።

ቀጮ ከወንበሩ አልተነሣም። እጁን ዘርግቶ መዳፉን ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ለብ ብሏል። ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ነበር።

«ግድግዳው ላይ ምን ጠፋብህ?» አሉ ጋሼ ከበሩ።

«ምንም ጋሼ። ፀሐይ መትቶት ነው መሰለኝ።»

ያን ግድግዳ ፀሐይ አይነካውም። መስኮቱ ያለው በሌላ በኩል ነው።

«እኔ ጋ ችግር ያለ እንዳይመስልህ። ከተሠራ ጀምሮ ብሬከሩ አንድ ቀን ወርዶ አያውቅም!»

ቀጮን ያስፈራው ይኸው ነበር። ብሬከር ወርዶ መስመሩን የሚያጠፋው ከልክ ያለፈ ጉልበት ሲመጣበት ነው። የላላ ቅጥያ፣ ሽቦና ሽቦ የሚገናኝበት ቦታ፣ ጉልበት አይበዛበትም። ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ ዝም ብሎ ይግላል፤ በጋለ ቁጥር ይባስ ይላላል። ካውያው በዚያ መስመር ኃይል ሲስብ መብራቱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይደክማል። አምፖል ይችለዋል፣ ካውያ ጭራሽ አያውቀውም። ኮምፒውተሩ ብቻ አይችለውም።

ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ቀና ብሎ ጋሼን አያቸው። ሻይ እየቀዱ ነው፤ መሙላቱን የሚያውቁት አመልካች ጣታቸውን ብርጭቆው አፍ ውስጥ ሰደድ አድርገው ነው። ዓይናቸው ደፍርሷል። በዚያ ቤት ይህን የሚናገር የለም። የስልክ መልእክት ሲመጣ ልጃቸው «መነጽርህ ተቧጭሯል መሰለኝ» ብላ ታነብላቸዋለች። መነጽሩ አልተቧጨረም። ይኼ ሁሉ ዓመት አልፎም የዚያ ሁለት ዓመት ኩርፊያ ትዝ አለው። 

«የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ሳይሆን አይቀርም» አለ።

በማግሥቱ ዩፒኤስ ይዞ መጣ፤ ኃይል ሲደክም እየጮኸ በባትሪ የሚያሻግር ሣጥን ነው። ኮምፒውተሩ መሞት አቆመ። ልጃቸው መረቀችው። ጋሼ እንኳ «በስተመጨረሻ ገባህ!» ብለው ትከሻውን መቱት።

ቀጮ ምን እንዳደረገ ያውቃል። በዚያ ቤት ግድግዳው ውስጥ ያለውን የሚናገር አንድ ነገር ነበር፤ እሱን አፉን አስያዘው።

ከዚያ በኋላ ስልኩ በጠራ ቁጥር የእነሱ መሆን አለመሆኑን ለማየት ሥራውን ይጥል ጀመር። ሱቁ ፊት ለፊት የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ ሲያልፍ ወጥቶ በየት በኩል እንደታጠፈ ያያል። ለልጃቸው ልንገራት ይላል፤ ነገ ይላል። ጋሼ ወጣ ሲሉ ጠብቄ ራሴ እከፍተዋለሁ ይላል፤ ጋሼ ከቤት አይወጡም። ሰበብ እየደረደረ ሰባት ቀን አለፈ።

በስምንተኛው ቀን እኩለ ቀን ሲቃረብ እሷ ደወለች።

«ቀጮዬ፣ ያ ያመጣህልን ሣጥን ይጮኻል። ድምፁን ማጥፋት ይቻላል?»

«መቼ ነው የሚጮኸው?»

«በፊት አባዬ ሲተኩስ ብቻ ነበር። ከትናንት ወዲህ ግን ያለ ምክንያት ነው የሚጮኸው። ልጅቷን አሟታል፣ እንቅልፍ ነሣት።»

«የት ነው የተኛችው?»

«አልጋዋ ላይ ነዋ! የት ትተኛ?»

«አንሻት።»

«ምን?»

«ልጅቷን ታቅፈሽ ወደ ሳሎን ውጪ። ማንም ምንም እንዳይሰካ። መጣሁ።»

መሣሪያውን አንሥቶ፣ ሱቁን ሳይዘጋ ሮጠ። ሲደርስ ሰላምታ አልሰጠም፤ በቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄዶ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አወረደ። ሳሎን ያለው ራዲዮ በወሬው መሀል ጸጥ አለ።

ጋሼ የሕፃን ቀሚስ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ብቅ አሉ። «ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«በማን ቤት?»

«በእርስዎ ቤት።»

ወደ መሥሪያ ክፍሉ አልፎ ጠረጴዛውን ሳበና ሶኬቱን ፈታ። ጋሼ ከኋላው ቆመው ትንፋሻቸው ማጅራቱ ላይ ይሰማዋል። ሶኬቱ ንጹሕ ነው። ብሎኑ ጥብቅ፣ መዳቡ ዛሬ እንደ ተላጠ ያበራል። ጋሼ በጣታቸው ዳበሱት።

«አገኘህ?»

«አላገኘሁም።»

«አብራ በላ! ልጅቷን ካልጋዋ አስነሥተህ፣ ቤቱን አጨልመህ… አብራ ብዬሃለሁ!»

አብርቶ መሄድ ይችል ነበር። የሽማግሌው ሥራ ልክ መሆኑ ተረጋገጠላቸው፣ ኩርፊያ የለም፣ ነገርም የለም። እጁን መዶሻው ላይ አሳረፈ።

«መስመሩን ለሁለቱ ክፍል የከፈሉት የት ላይ ነው?»

«ምኑን?»

«ቅጥያው፣ ጋሼ። የት ጋ ነው ያለው?»

ልጃቸው ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አስተኝታ በሩ ላይ ቆማለች። ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ፤ ምን ያህል እንዳዩዋት አይታወቅም።

«ካልጋው በላይ» አሉ ቀስ ብለው። «ልስኑ ውስጥ።»

ወደ ሕፃኗ ክፍል አልፈው አልጋውን ጎተቱት። ቀጮ መሮውን ደግኖ መታ። በሦስተኛው ምት ልስኑ ከመርገፉ በፊት ሽታው ወጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ከዚያ ሰሐን የሚያክል ልስን ወደቀ። ጀርባው ጥቁር ነበር። ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ቀልጦ እንደ ሻማ ወርዷል፤ ሽቦዎቹ ከስለዋል። ከሕፃኗ ትራስ የለየው ሁለት ጣት የማይሞላ ልስን ነው።

«አሳየኝ» አሉ ጋሼ።

የሽቦዎቹን ባለ ብሎን ማያያዣ ቆርጦ መዳፋቸው ላይ አኖረው። በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ አገላበጡት። ሁለተኛ ጊዜ ማገላበጥ አላስፈለጋቸውም።

«ብሎኑ የነከሰው የሽቦውን ልባስ ነው» አሉ። «መዳቡን አልያዘም።»

«አዎ ጋሼ።»

«አላየሁትም።» ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነ። «ያጠበቅኩ መስሎኛል። አላየሁትም።»

ልጃቸው አባቷን አልተመለከተችም። ዓይኗን ቀጮ ላይ ተከለች።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ዘጠኝ ቀን ሆነኝ» አለ።

 ሕፃኗን ከእሱ ወደሚርቀው ትከሻዋ አዛወረቻት። ቀጮ ከዚያ ቤት ብዙ ስድብ ጠግቦ ወጥቶ ያውቃል፤ ይህን የመሰለ ግን ገጥሞት አያውቅም። አንገቱን ደፍቶ መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ፤ መሀል ላይ ግን እጁ ቆመ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሥራ ወዲህ ሌላ ቦታ ሠርተዋል?»

ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር።

«የልብስ ሰፊው ቤት። አንድ ሶኬት ብቻ ነው። የእህቴ ማድ ቤት…» ሦስተኛው ጣታቸው ሳይታጠፍ ቀረ።

«ጋሼ?»

«ማዞሪያው ላይ ያለው የሕፃናት መዋያ። በነፃ ነው የሠራሁላቸው። መኝታ ክፍሉን በሙሉ።»

«ስንት ቅጥያ አለው?»

«ብዙ።»

ሰዓቱ ስድስት ተኩል አልፏል። መዋያው ሕፃናቱን ምሳ አብልቶ የሚያስተኛበት ሰዓት ነው። ጋሼ ተንበርክከው ካልጋው ሥር ጫማቸውን በእጃቸው ይፈልጉ ጀመር፤ ያገኙት የሕፃኗን ነበር። ቀጮ መዶሻውን ሳይዝ ወጥቶ ሮጧል።

ልጃቸው ወደ መዋያው ደውላ ስልኩን በአንድ እጇ ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። ይጠራል። ዘግታ ደግማ ደወለች።

«አያነሡም» አለች።