ቅቤ የጠጣው ሬዲዮ

አባቴ ከመደቡ ሳይነሡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ «የፊታችን ዓርብ ከገብሱ ጋር በአህያ ጭናችሁ ለብረት ለቃሚው ስጡልኝ» አሉ። የሚሉት ስለ ሬዲዮናቸው ነው። በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ሲሰናበቱ ያንን የብረት ሣጥን የሚያህል መቀበያ ከአንድ ባልደረባቸው ገዝተው፣ ተሸክመውት ጋይንት ገቡ። ዜና አይደለም የሚሰሙበት። ሙያቸው ሳይሆን ፍቅራቸው ሆኖ ከየአገሩ፣ ከየቤታቸው በሬዲዮ የሚጠራሩ ሰዎች አሉ፤ አባቴ የሚያዳምጡት እነሱን ነው፣ በተለይ በነጥብና በሰረዝ ድምፅ የሚነጋገሩትን። ከጣሪያችን እስከ ባሕር ዛፉ የተዘረጋው የአንቴና ሽቦ ለሰፈሩ ሰው የልብስ ማስጫ ይመስለው ነበር።

ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከሬዲዮው ሌላ መዋያ የላቸውም። እሱ ጣቢያ አልይዝ ካለ ጀምሮ ደግሞ ደጅ መውጣት ተዉ፤ ጎረቤት ሲመጣ እንኳ የተኙ ይመስላሉ። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው።

እኔ ሴት ልጃቸው አርብ ገበያ ከተማ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። ጠላ የፈሰሰበት፣ በሬ የረገጠው፣ ድስት ውስጥ የገባ ስልክ ሁሉ በእጄ አልፏል፤ አፌም ከእጄ አያንስም። «ብረት ለቃሚው ይቆየን፤ ከዓርብ በፊት አናግረዋለሁ» ብዬ ፎከርሁ።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ መልቲሜትሬንና የመበየጃ ካውያዬን ይዤ ወላጆቼ ቤት ሄድሁ። ሬዲዮው የሚሠራው በሶላር ባትሪ ነው፤ ባትሪውን ለካሁ፣ ደኅና ነው። ስከፍተው ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ ዝናብ ሽሽሽ ይላል። የአንቴናውን መግቢያ በመፍቻ ጫፍ ስነካው ጠሽ አለ። እንግዲህ ሆዱም ድምፅ ማጉያውም ደኅና ነው ማለት ነው። ታዲያ ጣቢያው የት ገባ? የጣቢያ መፈለጊያውን ቁልፍ ከዳር ዳር አዞርሁት፤ ያው ሽሽሽ። የላላ የመሰለኝን ብየዳ ሁሉ በራሴ ሙያ እየተደነቅሁ እንደገና በየድሁ። ወይ ፍንክች!

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቷ ግን በየመሀሉ ይወድቅባታል፤ እናቴ ደግሞ እንዝርት ጥላ አታውቅም።

የፊት ሽፋኑን ስፈታው አንድ ነገር ሸተተኝ። የተቃጠለ ዕቃ ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ይሄ ቅቤ ነው፣ ያውም የከረመ። ከቁልፉ ተነሥቶ የጣቢያ መርፌውን የሚጎትተው ቀጭን ክር ቅቤውን ጠጥቶ ይንሸራተታል። ቁልፉ ይዞራል፣ መርፌውና አብሮት የሚዞረው የጣቢያ መቃኛ ግን ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። አባቴ መርፌውን ማየት አይችሉም፤ ዓይን ያለኝ እኔ ደግሞ ሆዱን ስቆፍር መቆሙን ልብ አላልሁም።

«ኧረ ቅቤ ማን ጨመረበት?»

እንዝርቱ ጨርሶ ወደቀ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ቁልፉ ደርቆ ጣታቸውን ሲያሳምማቸው ጊዜ... ጠፍር ሲደርቅስ ቅቤ አይደል የምንቀባው? አቅልጬ በቁልፉ ዙሪያ ጠብ አደረግሁበት።»

«ምን ያህል?»

«ትንሽ ናት። አንድ ስኒ።»

ለካ እስከዚያ ቀን ሬዲዮውን የገደለችው መስሏት በሆዷ ይዛው ኖራለች። አባቴ ቀስ ብለው ከግድግዳው ዞሩ። ሊቆጡ ነው ብዬ መሀል ልገባ ስል፣ «አንቺ ሴት፣ ለእኔ ሽሮ በማንኪያ ጫፍ የምትለኪውን ቅቤ ለሬዲዮው በስኒ?» አሉና በሳቅ ፈነዱ። እየሳቁ ተነሥተው ተቀመጡ። ሬዲዮው ገና ሳይድን ደስታዬ ወሰን አጣ።

ቅቤውን የማጸዳበት አልኮል አልነበረኝም። አባቴ ሳይጠየቁ «ለፋሲካ የተቀመጠ ዳግም አረቄ አለ፤ እሱ ብረትም ያጥባል» አሉ። በእናቴ ጥጥ እየነከርሁ ክሩንና የሚዞርበትን ትንሽ መንኮራኩር አጠብሁ። ከአረቄው እኩሌታው ለሬዲዮው፣ እኩሌታው ለአባቴ ሆነ።

ክሩ ግን ሲታጠብ ተበጠሰ። እንዲህ ያለ ክር ደግሞ አርብ ገበያ ላይ አይገኝም። እናቴ የተበጠሰውን በጣቶቿ ዳሰሰችና ከፈትሏ ደርባ አከረረች፤ ከዚያም በጧፍ ሰም አሸችው። ሰሙ ክሩን ያዝ ያደርገዋል፣ እንደ ቅቤ አያንሸራትትም። እኔ ከመቸኮሌ የተነሣ በተቃራኒው ጠመጠምሁት፤ ቁልፉ ወደ ቀኝ ሲዞር መርፌው ወደ ግራ ይሄዳል። ልፈታው ስል አባቴ «ተይው፣ እኔ እንደሁ አላየው!» አሉ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ባትሪውን አገናኘሁና ቁልፉን ለእሳቸው ለቀቅሁላቸው። ሽሽሽ አለ፤ አንድ የሰው ድምፅ ሽው ብሎ አለፈ፤ ከዚያ ጥርት ያለ ታ ቲ ታ ቲ፣ ታ ታ ቲ ታ መጣ። አባቴ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙን። የሌላው እጃቸው ጣት ጉልበታቸውን አብሮ ይመታል።

«ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«ማን አለ? ማን ይሰማኛል? ነው የሚለው።»

«ታዲያ መልሱለት እንጂ! ምነው ዝም ይሉታል?»

«ይሄ መስሚያ ብቻ ነው፤ መናገሪያ የለውም።»

እናቴ ይህ አልተዋጠላትም። ወደ ሬዲዮው ጠጋ ብላ፣ ጎንበስ አለችና፣ ከማዶ ያለ ሰው በምትጠራበት ድምፅ «አለን! ሰምተናል!» ብላ ጮኸች።

ዓርብ ዕለት አህያዋ ገብሱን ብቻ ጭና ገበያ ሄደች። አባቴ እስከ ደጁ ወጥተው ሸኙን።