ባለ ጨረቃዋ ሰንጢ

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ያቺን ሰንጢ ከኪሱ ባወጣ ቁጥር ሆዴ ይቃጠል ነበር። እጀታዋ የጎሽ ቀንድ ነው፤ ከስለቷ ሥር ትንሽ ጨረቃ ተቀርጾባታል፤ ስትታጠፍ ቀጭ ብላ ነው የምትገጥመው። እሱ ደግሞ ለእሷ ብሎ ኮቱ ደረት ላይ ጠባብ ኪስ ሰፍቶላታል፤ ከሰንጢዋ በቀር ሌላ ነገር አያስገባም። ኪስ ለሰንጢ! እኔ ለራሴ ልጅ እንኳ እንዲያ አልተጨነቅሁም።

ድሮ የእሷ ዓይነት ሰንጢ በጋምቤላ በኩል፣ በደምቢ ዶሎ አድርጋ ስትመጣ በነቀምቴ ሱቆች ሞልታ ነበር። ያኔ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት አዲስ የተቀጠርኩ ጸሐፊ ነበርኩ። መጀመሪያ ኮት ልግዛ፣ ከዚያ ጫማ ልግዛ፣ ሰንጢዋ የትም አትሄድም ስል አንድ ቀን ባለሱቁ «ፋብሪካው እሷን መሥራት ትቷል» አለኝ። በእሷ ፋንታ ቅቤ እንኳ የማይቆርጡ፣ እጀታቸው ላስቲክ የሆነ ሰንጢዎች መጡ። ልብስ ሰፊው ግን በጊዜው ገዝቷል። እሱ መቼም ሁልጊዜ በጊዜው ገዝቶ ነው የሚገኘው።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ደግ ነበር። የባኬ ጃማ ሰፈር ጎረቤታሞች በፋሲካ በሬ በቅርጫ እናርዳለን፤ ከሸዋ የመጣነውም፣ የአገሩ ሰውም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ወንጌላዊውም አንድ ላይ ነን። የየሰዉ መደብ ኮባ ቅጠል ላይ እስኪደለደል ድረስ ወንዶቹ በየሰንጢያችን ከትኩሱ ሥጋ እየቆረጥን እንቀምሳለን። ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ የሚቆርጥለት ደግሞ ልጁ ነው። የሚስቴ አባት ጥርስ አልነበራቸውም፤ ወንድ ልጅም አልነበራቸውም። እኔ ነበርኳቸው። እሳቸው ግን እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ሳለ አንገታቸውን አሻግረው ልብስ ሰፊውን ይጠሩታል።

«ኢልማ ኮ፣ ሜ አልቤ ሰና።» ልጄ፣ እስቲ ያቺን ሰንጢ፣ ማለታቸው ነው።

እሱም ቶሎ ተነሥቶ ሥጋውን እያሳሳ ይቆርጥላቸዋል። እኔን «እርስዎ» ነው የሚሉኝ። የአማች ወግ ነው፣ አክብሮት ነው፤ አውቃለሁ። ጎረቤት «ልጄ» እየተባለ የልጅ ባል «እርስዎ» ሲባል ግን ያ አክብሮት ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። አንድ ፋሲካ በላስቲኩ ሰንጢዬ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ብዙ ካላመጡት በኋላ ፊታቸውን አዙረው ከአፋቸው በመሐረብ ተቀበሉት።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ እርስዎ አይልፉ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ባለ ጨረቃዋ ተመልሳ እንድትሠራ እንደኔ የተመኘ ሰው የለም። ሰንጢ ወዳጅ ግን ብዙ ነበርን። ከአዲስ አበባ የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ባለሱቁ ደጃፍ ላይ እንገኛለን። ክረምት መኪናው ባኮ ላይ ጭቃ ይዞት ሲዘገይ፣ ይሄኔ እሷን ጭኖ ነው እያልን እንጽናናለን። ከቢላ ከተማ የሚመጣ አንድ ነጋዴ «እንደገና መሠራት ጀምራለች አሉ» ብሎን ለሳምንት ያህል ሌላ ወሬ አልነበረንም፤ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ልብስ ሰፊውም መጥቶ ከእኛ ጋር ይጠይቃል። የሚያናድደኝ እሱ ነው። አንተ ምን ጎደለህ? ሌላ እንዳትመጣ አይደል የምትጸልየው? እላለሁ በሆዴ።

በኋላ ባለሱቁ «አስመጪው ናሙና ካየ ፋብሪካውን እጠይቃለሁ ብሏል» አለን። ሁላችንም ወደ አንድ ሰው ዞርን። ልብስ ሰፊው ሰንጢዋን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖራት፤ ስለት ከእጅ ወደ እጅ ከተሰጠ ያጣላል ስለሚባል ባለሱቁ ከዚያ ላይ አነሣት።

«ብትጠፋስ?» አልኩት፣ እንዳዘነለት ሰው።

«ብቻዬን ይዣት ምን ይሠራልኛል?» አለኝ።

ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። «ሰው ፊት ለመታየት ነው» አልኩ። «አንተስ ሰጥተህ ለምን አትታይም?» አለችኝ። ራቴን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ዓመት አልፎ፣ ተስፋ ቆርጠን ሳለ መጣች። በዘይት ወረቀት ተጠቅልላ፣ ቀንዷም ጨረቃዋም በቦታቸው። ሁላችንም ገዛን፤ ለልብስ ሰፊውም ናሙናው በደኅና ተመለሰለት። የእኔዋን፣ የክንዴን ፀጉር እስክትላጭ ድረስ፣ ሳልኳትና ፋሲካን መጠበቅ ጀመርኩ።

በቅርጫው ቀን ከአማቼ ጎን ተቀመጥኩ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን አሻገሩ።

«ኢልማ ኮ፣ ሜ አልቤ ሰና።»

ልብስ ሰፊው ባዶ እጆቹን ዘረጋ። «አባ ኮ፣ ዛሬ ረስቼያት መጣሁ። እሱ ይዟል» ብሎ ወደ እኔ አመለከታቸው።

ከሽንጡ ወስጄ አሳስቼ ቆረጥኩ፤ ቅጠሉ ላይ አድርጌ አቀረብኩላቸው። አላመጡ። ዋጡ። ቅጠሉን በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ኢልማ ኮ፣ ጨምርልኝ» አሉኝ።

«ጨምርልኝ!» እርስዎ የለ፣ ወግ የለ፤ እንደ ልጃቸው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ይህን ሌላ ሰው ሰምቶልኝ እንደሆነ ለማየት ቀና ስል ልብስ ሰፊው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፈገግ ብሏል። ኮቱ ደረት ላይ ያለችው ጠባብ ኪስ አብጣለች፤ የቀንዱም ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል።

አቀርቅሬ መቁረጤን ቀጠልኩ። እንደዚያን ቀን ቀንቼበት አላውቅም።